«ኔትወርክ የለም» መልስ አይደለም

ምሥራቅ ወለጋ፣ አርጆ ላይ የአንድ ሰው ስልክ ዳታ እምቢ ሲለው ምክንያቱ ከብዙዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ የማማው ባትሪ አልቆ ይሆናል። ከነቀምቴ የሚመጣው መስመር መንገድ ሲቆፈር ተበጥሶ ይሆናል። የገዛው ጥቅል ቀኑ አልፎ፣ ወይም «ያልተገደበ» የተባለለት ጥቅል ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ እንዲወርድ ተደርጎ ይሆናል። ቀፎው አልተመዘገበም ተብሎ ከኔትወርክ ወጥቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ አዲስ አበባ የተቀመጠ አንድ ባለሥልጣን የዞኑ ኢንተርኔት እንዲዘጋ አዝዞ ይሆናል። ሰውየው የሚያየው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚዞር ክብ። ኤርፕሌን ሞድ አድርጎ ይመልሳል፣ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፣ ሲሙን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። በመጨረሻ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱም «ኔትወርክ የለም» ይለዋል። ነገሩ እዚያው ያበቃል።

በሌላው ዓለም ስለ ኢንተርኔት ገደብ የሚደረገው ሙግት በአመዛኙ ስለ መጠኑ ነው። ስንት ጊጋባይት? በምን ፍጥነት? በአንድ መስመር ላይ ስንት ዕቃ ይያያዝ? ወለጋ ላይ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ገደቡን የጣለው ማን ነው? ለምን ጣለው? መቼስ ያነሳዋል? ይህ እስካልተመለሰ ድረስ ፈጣን መስመር ቢዘረጋም፣ ሁለተኛ ኩባንያ ቢመጣም፣ ጥቅል ቢረክስም የደንበኛው ችግር ከግማሽ በላይ አይቃለልም። መስመሩ ቀጭን በመሆኑ ብቻ የሚማረር ሰው ብዙ አላየሁም። ሰዉን የሚያንገበግበው ምን እንደደረሰበት አለማወቁ ነው።

ወለጋ ይህን በደንብ የተማረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከታኅሣሥ 24 ጀምሮ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ሞባይልም፣ መደበኛ ስልክም፣ ኢንተርኔትም በአንድነት ተቋረጠ። ነቀምቴና አርጆ የሚገኙበት ምሥራቅ ወለጋ ከሌሎቹ ይሻል ነበር። በዋና ዋና ከተሞቹ ስልክ ይደወላል፤ ኢንተርኔትና ማኅበራዊ ሚዲያ ግን የለም። በዚያ ወቅት የመንግሥት ኃይሎች፣ ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ ከሚጠራውና መንግሥት «ሸኔ» ከሚለው ታጣቂ ቡድን ጋር እየተዋጉ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥር ወር መጨረሻ ፓርላማ ቀርበው ጉዳዩን ሲያነሱ የጸጥታ ምክንያት ነው ከማለት ያለፈ ዝርዝር አልሰጡም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በየካቲት መጨረሻ መግለጫ ባወጣ ጊዜ ሦስቱ ዞኖች ሁለት ወር ሙሉ ከኔትወርክ ውጪ ሆነው ነበር።

አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ነው። በመካከሉ የሆነውን ማስታወስ ተገቢ ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ይፋ ተደረገ። የጤና ሚኒስቴር ሕዝቡ እጁን እንዲታጠብ፣ ርቀቱን እንዲጠብቅ፣ ምልክት ያየ ሰው በነፃ የስልክ መስመር 8335 እንዲደውል ይለፍፍ ጀመር። ደምቢ ዶሎ ወይም ሻምቡ ያለ ሰው በየትኛው ስልክ ይደውል? ከሁለት ሳምንት በላይ፣ ወረርሽኝ በገባበት አገር ውስጥ፣ የአገሪቱ ዋና የማስጠንቀቂያ መንገድ ለነዚያ ዞኖች ዝግ ነበር። የጸጥታ ጉዳይ ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ዝግ በሩን ለጤና ጥበቃ ስልክ ብቻ እንኳ ገርበብ የማድረግ ዘዴ አልነበረም ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ወለጋ የአገልግሎቱን መመለስ በቅጡ ሳያጣጥመው ሰኔ 22 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአገሪቱ ጠፋ። ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ አስደንጋጭ ነበር፤ ጋዜጦች ስለ ኪሳራው ጻፉ። ለነቀምቴ ነዋሪ ግን የዚያው ዓመት ሁለተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ ጽዋ በየተራ ቀምሰዋል። የአማራ ክልል ወዳጆቼ ስለ ዳታ መዘጋት ሲያማርሩ የወለጋ ሰው የሚሰጣቸው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «እኛማ ለመድነው»። ይህ «ለመድነው» የሚሉት ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል።

መዝጋቱ በዚህ መንግሥት አልተጀመረም። ግንቦት 2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲበተን ፈተናው ተሰረዘ፤ በሐምሌ ድጋሚ ሲሰጥ ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ ተቃውሞው እየሰፋ ሲሄድ፣ በኋላም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ፣ የሞባይል ዳታ ይዘጋ ነበር። ሐምሌ 2011 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ኢንተርኔት ውኃም አየርም እንዳልሆነ፣ ሕይወት ለማዳን አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ለሳምንት ቀርቶ ለዘለቄታውም ሊዘጋ እንደሚችል ገልጸው ነበር። ንግግሩ ያኔ ብዙ ተተችቷል። ቢያንስ ግን ግልጽ ነበር። አንድ መሪ ይህን አቋም ሲይዝ ልትከራከረው ትችላለህ። ወለጋ ላይ የጎደለው ይኸው ነው፤ የሚከራከሩት አቋም አልነበረም፣ ዝምታ ብቻ ነበር።

የመንግሥትን የጸጥታ ክርክር ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላጣጥለውም። በውጊያ ቀጠና የሐሰት ፎቶ አንድ ቀበሌን በሌላው ላይ ሊያስነሳ ይችላል። ታጣቂም ስልክ ይይዛል። ችግሩ ዝምታው ራሱ ወሬ አምራች መሆኑ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ነቀምቴ መናኸሪያ የዜና ማሠራጫ ይሆናል። ከጊምቢ የገባ የሚኒባስ ረዳት የሰማውን ይናገራል፤ አርጆ እስኪደርስ የሞተው ሰው ቁጥር በሦስት ይባዛል። ያንን የሚያስተባብል የወረዳ ኃላፊ ቢኖር እንኳ ማስተባበያው የሚደርስበት መንገድ የለውም። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ውሸት ቢያንስ ከሥሩ «ውሸት ነው» የሚል ሰው ይገኝበታል።

ገደቡ በዞን ብቻ አይመጣም። በቀፎም ይመጣል። መስከረም 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ቀፎዎችን መለያ የሚመዘግብ ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። እያንዳንዱ ቀፎ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። በዚያን ጊዜ በኔትወርኩ ላይ የነበሩ ቀፎዎች በራሳቸው ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ የሚገባ ቀፎ ግን በጉምሩክ ያላለፈ ከሆነ አገልግሎት አያገኝም ተባለ። የታሰበው የኮንትሮባንድ ስልክን መግታት፣ አገር ውስጥ ለሚገጣጥሙት ገበያ ማስፋት፣ የተሰረቀ ቀፎም ዋጋ እንዲያጣ ማድረግ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ስልኩን ለተቀማ ሰው እንዲያውም ጥሩ ዜና ነው።

ዱላው የሚያርፈው ግን ማን ላይ ነው? ቀፎውን በድንበር ያሾለከው ነጋዴ ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል። የሚታገደው ነቀምቴ ገበያ ላይ ሁለተኛ እጅ ስልክ የገዛው ገበሬ፣ ወይም ጅዳ ወይም ቤሩት የምትሠራ እህቱ በሰው እጅ የላከችለት ልጅ ነው። ስልኩ በተገዛበት ሰዓት ይሠራል፤ ሻጩ ደውሎ ያሳያል፤ ከቀናት በኋላ ይሞታል። በዚህ ላይ ርካሽ የሆኑ ተመሳስለው የተሠሩ ቀፎዎች አንድ መለያ ቁጥር ለብዙ ስልክ የሚጋሩበት አጋጣሚ አለ፤ አንዱ ሲታገድ ሌላውም አብሮ ይታገዳል። ባለቤቱ ደግሞ ስልኩ ተበላሽቶ መስሎት ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። ጠጋኙ ይፈታዋል፣ ባትሪ ይቀይርለታል፣ ሶፍትዌር ይጭንለታል፣ ሂሳብ ይቀበላል። ከኔትወርኩ የወጣ ስልክ ግን በብየዳ አይድንም።

ከዚህ የጠነከረም ሕግ አለ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። አዋጁ የወጣው ዓለም አቀፍ ጥሪን በጓሮ በር እያስገቡ የኩባንያውን ገቢ የሚያጓድሉትን ለመቅጣት ነበር። ይሁን እንጂ ከመስመሩ ጋር ምን ማያያዝ ይፈቀዳል የሚለውን ጥያቄ ለፍርሃት አሳልፎ የሰጠ ሕግ ነው። የገጠር ትምህርት ቤት ሲግናል የሚያጠናክር ዕቃ ቢያስፈልገው ማን ደፍሮ ያስመጣል?

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ የመለሱት በ1968 እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው። ቶማስ ካርተር የሚባል የቴክሳስ ሰው የመገናኛ ሬዲዮን ከስልክ እጀታ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ሠራ፤ ከከተማ ርቀው በነዳጅ ጉድጓድና በከብት እርባታ ለሚሠሩ ሰዎች ነበር የሠራው። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ የራሴ ያልሆነ ዕቃ ከመስመሬ ጋር አይያያዝም አለ። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ለካርተር ፈረደ፤ መስመሩን የማይጎዳ ዕቃ ማያያዝ የደንበኛው መብት ነው አለ። ፋክስም፣ የጥሪ መልስ መቅጃም፣ የመጀመሪያዎቹ የቤት ሞደሞችም የገቡት በዚያ በተከፈተ በር ነው። ካርተር ያሰበላቸው ሰዎች ከደዴሳ ሸለቆ ሰው የሚለዩ አይደሉም፤ መስመሩ የማይደርስበት ቦታ የሚሠሩ ነበሩ።

ወደ ፍጥነትና መጠን እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ በየቀኑ የሚነካን እሱ ነው። አንድ ማማ የሚያስተናግደው የዳታ መጠን ውስን ነው። የአርጆ ገበያ ቀን ሲሆን፣ ከየቀበሌው የመጣው ሰው ሁሉ በአንድ ማማ ሥር ይሰበሰባል፤ ፍጥነቱ ይወርዳል። ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ ማንንም አልከስም። ነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ፣ የድምፅን በ40 በመቶ ሲቀንስ ተጠቃሚው እንደሚበዛ፣ መስመሩም እንደሚጨናነቅ የታወቀ ነበር። ከዚያ ደግሞ «ያልተገደበ» የሚሉ ጥቅሎች መጡ። ከሥራቸው «ፍትሃዊ አጠቃቀም» የሚል ደንብ አለ፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነት ይቀንሳል ማለት ነው። ጥቂት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ሲያወርድ የጎረቤቱ የባንክ መተግበሪያ የማይከፈት ከሆነ፣ ደንቡ ምክንያት የለውም አይባልም።

በስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፕ ማያያዝም ለኩባንያ የሚታይ ነገር ነው። ከስልክ የሚወጣ እያንዳንዱ የዳታ እሽግ ቁጥር ተለጥፎበት ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ 64 ነው። በመንገዱ ላይ አንድ መሣሪያ ባለፈ ቁጥር ከዚያ ላይ አንድ ይቀነሳል። ላፕቶፑ በስልኩ በኩል ሲያልፍ ኩባንያው ዘንድ አንድ ጎድሎ ይደርሳል፤ በዚህ ብቻ «ይህ ሰው ሌላ ዕቃ አያይዟል» ማለት ይቻላል። አያይዞ መጠቀምን ማገድ፣ ወይም ለብቻው ማስከፈል፣ በቴክኒክ ከባድ አይደለም። በ2012 እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ቬራይዘን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሆትስፖት የሚያስከፍቱ መተግበሪያዎች በደንበኞቹ ስልክ ላይ እንዳይገኙ አስደርጓል ተብሎ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ከቬራይዘን ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የኤቲ ኤንድ ቲ ጉዳይ ይመስለኛል። ኩባንያው «ያልተገደበ» ብሎ የሸጠላቸውን ደንበኞች ፍጥነት ከተወሰነ መጠን በኋላ በእጅጉ ያወርድ ነበር። የንግድ ተቆጣጣሪው ከሰሰው፤ በ2019 እንደ እነሱ አቆጣጠር 60 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የክሱ ፍሬ ነገር ፍጥነት ለምን ቀነስክ የሚል አልነበረም። ለምን በግልጽ አልነገርክም የሚል ነበር። ገደብ መጣል ይቻላል፤ ገደቡን መደበቅ ግን ማታለል ነው ማለት ነው። ካልተናገርክ ምን እንደሚመጣ ደግሞ በ2018 እንደ እነሱ አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ውስጥ ታይቷል። የሳንታ ክላራ አውራጃ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ታላቅ ሰደድ እሳት እየተዋጉ ሳለ፣ ሥራውን የሚመሩበት መኪና ኢንተርኔት ጥቅሉን ጨረሰ ተብሎ ፍጥነቱ ከሁለት መቶ እጅ ወደ አንድ እጅ ወረደ። መስመሩን የሚያቀርብላቸው ቬራይዘን በኋላ የደንበኞች አገልግሎት ስሕተት ነው አለ። እሳቱ ግን ያንን አልጠበቀም።

አሁን ወደ አንድ የአርጆ ኮምፒውተር ቤት እንግባ፤ ዋናው መንገድ ዳር ካሉት እንደማንኛውም ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ፕሪንት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች አንዲት ራውተር፣ ከሥሯ ለመብራት መቆራረጥ የምትጮህ ዩፒኤስ። ልጁ ዋይፋዩን በሰዓት ይሸጣል። መስመሩ ሲከብድበት የራውተሯን ገጽ ይከፍትና የተያያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር ያያል፤ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሳምሰንግ፣ አንድ ላፕቶፕ። ከመካከላቸው አንዱ መስመሩን ጠጥቶ እየጨረሰው ነው። አንገቱን ያወጣና፣ «አንተ፣ ፊልም እያወረድክ ነው አይደል? ኦቦ የፋይዳ መታወቂያ ወረቀታቸውን እያሳተሙ ነው፤ አሥር ደቂቃ አግጄሃለሁ» ይለዋል። ፊልም አውራጁ ያጉረመርማል። ሽማግሌው «ተወው ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም» ይላሉ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ይከፈትለታል። ይህ ልጅ ፍጥነት ገድቧል፣ ዕቃም አግዷል። ግን ማን እንዳገደ፣ ለምን እንዳገደ፣ እስከ መቼ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሯል። ማንም ተበደልኩ ብሎ አልወጣም። ለአንድ ኮምፒውተር ቤት የሚቻለው ለአንድ አገር አቀፍ ኩባንያ እንዴት ያቅተዋል?

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2008 ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚጠፋው በአመዛኙ ፌስቡክ ነበር። ግንቦት 2013 በስልክ ገንዘብ የሚላክበትና የሚከፈልበት ቴሌብር መጣ። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ። በቀጥታ ቁጥር በመጫን የሚሠራው መንገድ ዳታ ባይኖርም ስልክ እስካለ ድረስ ያገለግላልና ዳታ ብቻ ሲዘጋ ባጃጁ ጨርሶ አይቆምም። ስልኩ ጭምር ሲዘጋ ግን፣ በ2012 በቄለም እንደሆነው፣ ነዳጅ ለመቅዳት ራሱ የማይቻልበት ሁኔታ ይፈጠራል። የማማው ጄኔሬተርም የሚሠራው በነዳጅ ነው። በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ባንኮች ፋይዳ ይጠይቃሉ። «ለቀምት» በሚል ስም ለዓለም የሚሸጠውን ቡና የሚሰበስበው የጊምቢ ነጋዴ የቀን ዋጋ የሚሰማው በስልክ ነው። የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ለቤተሰቡ ብር የሚልከው በስልክ ነው። መንግሥት ሕዝቡን ወደዚህ መስመር እየገፋው ነው፤ እኔም ግፊቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ወደ አንድ ድልድይ ሕዝብ የሚገፋ መንግሥት ድልድዩን መቼ እንደሚዘጋ የመናገር ዕዳ አለበት።

ውድድር ያስተካክለዋል የሚሉ አሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ያገኘው በ2013 ነው፤ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። ለጥቅልና ለፍጥነት ውድድር መልካም ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ከዚያ ወዲህ ነቅቷል። ለመዘጋት ግን መድኃኒት አይሆንም። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ሁለተኛው ኩባንያም በራሱ ፈቃድ ከፍቶ ሊቀመጥ አልቻለም፤ ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ዝጋ ሲለው ይዘጋል። ቪፒኤንም ቢሆን ልኩ የታወቀ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲታገዱ ሕዝቡ በቪፒኤን ዞረበት፤ ዳታው ግን በፍጥነት አለቀ፣ ባትሪውም እንደዚያው። መስመሩ ራሱ ሲጠፋ ቪፒኤን የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሠራጨትን ነፃነት ያረጋግጣል፤ ገደብ ሊጣል የሚችለውም በሕግ ነው ይላል። በሕግ ማለት የሚታይ፣ የሚነበብ፣ ሊከራከሩት የሚቻል ማለት ነው። የምዕራብ አፍሪካ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በሰኔ 2012 በዚሁ ነጥብ ላይ ፈርዷል። ቶጎ በ2017 እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር በተቃውሞ ወቅት ኢንተርኔት ዘግታ ነበር። ለፍርድ ቤቱ ያቀረበችው መከራከሪያ የብሔራዊ ደኅንነት ነበር። ፍርድ ቤቱ ደኅንነት ምክንያት አይሆንም አላለም፤ ይህን እንድታደርጉ የሚፈቅድ ሕግ ስላላሳያችሁ ድርጊቱ ሕገወጥ ነው አለ። እኛ የዚያ ፍርድ ቤት አባል አይደለንም። ክርክሩ ግን ቃል በቃል የወለጋ ነው።

የመዝጋት ትዕዛዝን ይፋ ማድረግ ታጣቂን ሊያስጠነቅቅ ይችላል የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አያስጠነቅቅም። ኢንተርኔት መዘጋቱን ታጣቂውም፣ ገበሬውም፣ ተማሪውም በአንዲት ደቂቃ ያውቀዋል፤ ምስጢር ሆኖ የሚቀረው ትዕዛዙን የሰጠው መሥሪያ ቤት ማንነትና የማብቂያው ቀን ብቻ ነው። የዘመቻው ዝርዝር ይደበቅ። ትዕዛዙ ግን ፊርማና ቀን ይኑረው፤ ሲራዘምም እንደገና ይፈረምበት። በየሰላሳ ቀኑ እንደገና መፈረም ያለበት ሰው ሁለተኛውን ፊርማ ሲፈርም ቆም ብሎ ያስባል። ሦስት ወር የሚዘልቅ ጨለማ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ማንም ቀኑን ስለማይቆጥረው ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ለኪስ ግን ትልቅ የሆነች ነገር አለች። ደንበኛው ወርኃዊ ጥቅል በከፈለ በሁለተኛው ቀን ዞኑ ቢዘጋ የጥቅሉ ሰዓት መቁጠሩን ማቆም አለበት። ያልተሰጠ አገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ አይገባም። ይህ የሲስተም ጉዳይ ነው፤ የትኛው ማማ መቼ እንደጠፋና መቼ እንደተመለሰ ኩባንያዎቹ በሰዓትና በደቂቃ ይመዘግባሉ። ቀፎም ሲታገድ እንደዚሁ። ከመታገዱ ከቀናት በፊት ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው፤ የት ሄዶ እንደሚያስመዘግብ፣ ምን ያህል እንደሚከፍል ይነገረው። ፍጥነቱ ሲወርድበትም «ከዚህ መጠን አልፈሃልና እስከዚህ ቀን ፍጥነትህ ይህ ነው» ይባል። የአርጆው ልጅ የሚናገረውን ያህል።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። የሸማቾች ጥበቃም፣ የአገልግሎት ጥራትም መመሪያ አውጥቷል። ኩባንያዎቹን ስለ ጥሪ መቆራረጥና ስለ ፍጥነት ይጠይቃል። ጎድሎ የሚታየኝ ለመዘጋትና ለመታገድ የሚሆን፣ ደንበኛ በእጁ ይዞ የሚሟገትበት ግልጽ የማሳወቅ ግዴታ ነው። የጥቅል ማስታወቂያ በየጠዋቱ በአጭር መልእክት ይደርሰናል፤ በዓል ሲመጣም እንኳን አደረሳችሁ ይሉናል። በዚያው መንገድ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ «አገልግሎቱ በዚህ መሥሪያ ቤት ትዕዛዝ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይቋረጣል» የሚል መልእክት መላክ ይቻላል። ስልኩ ጭምር በሚዘጋበት ጊዜ ሬዲዮ አለ፤ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳም አለ። ባለሥልጣኑ ይህን ለማስገደድ አዲስ አዋጅ አይጠብቅም፤ መመሪያ የማውጣት ሥልጣኑ በእጁ ነው። ያውጣው።